ሃያ ሁለት ሰዓት

ዶክተር ፕሪትፓል ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፤
አፌን ብቻውን፣ ያለ ፊቴ፣ በአየር ላይ አሽከረከረችው።
የታች ጥርሶቼ ተገፋፍተው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ፣
ፖርቴጅ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ሲዘገይ
በሩ ላይ እንደሚጋፋ ሰው፣ በብርድ ተሰባስቦ።

ቁልፍ ነካች። ጥርሶቼ መራመድ ጀመሩ፤
የሃያ ስድስት ሳምንት መንገድ በሃያ ስድስት ሴኮንድ
ሳይገፋፉ አለፉት፤ ተሰለፉ፤ አማሩ።
የኔ ዐይን ግን ላይኛው ረድፍ ላይ ቀረ፤
ፍንጭቴ የለም።
በር የነበረው ቦታ ተመርጎ ግድግዳ ሆኖ ነበረ።

«ይሄን ተዪልኝ» አልኳት።
«ክፍተቱን?»
«ክፍተት አይደለም።»
«ታዲያ ምንድን ነው?» ብላ ጠበቀች።
ምላሴ ዞረች፣ ዞረች፣ ባዶ እጇን ተመለሰች።

አስተርጓሚ ነኝ እኮ! በዊኒፔግ ፍርድ ቤት፣
በሆስፒታል፣ በስልክ፣ በቀንም በሌሊት፣
«ሆዴ ባባ»ን አሻግሬያለሁ፣ «አንጀቴ ራሰ»ን፣
«ዐይኑ ደም ለበሰ»ን፤
አንድ ጊዜማ «አፌ ቁርጥ ይበል»ን
ለዳኛ፣ በመሐላ፣ ደም ሳይነካው አድርሻለሁ።
ያንን ባለ አራት ፊደል ቃል ግን
ከወንዙ ማዶ ማድረስ አቅቶኝ ቆሜያለሁ።
የነሱ መዝገበ ቃላት ጉድለት ይለዋል፣
የኛ ሰው ውበት ብሎ ይዘፍንለታል፤
እኔ ደግሞ ደመወዜ የሚቆረጥልኝ
ከመሐል፣ ከዚያች ስንጥቅ ነው።

«ታካሚዋ ክፍተቱ ይቆይ ብላለች» ብላ ጻፈች።
ክፍተት። ይሁን።

የመጀመሪያዋን ማቃኛ ሰኞ ማታ ለበስኳት፤
ብርሌ የመሰለች፣ ስስ፤ «ቀጭ» አለች ስነክሳት።
ሃያ ሁለት ሰዓት ከአፍ አትወጣም፤
ሁለቷ ለእህል ነች፣ ከዚያ በላይ የለም።
«በአርባ ስምንት ዓመትሽ፣ ለማን ብለሽ?» አለ ባሌ ሽመክት፣
ሳይከፋው፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ።
«ለራሴ ስል» ልለው አፌን ስከፍት
«ለራሼ ሽል» ሆኖ ወጣ።
«ሽል? በዚህ ዕድሜሽ?»
ሶፋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን፣ ሻዩ ከብርጭቆው ተደፋ።

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ።
የኔ ደግሞ በየሰኞው አዲስ ባዳ።

በሦስተኛው ሳምንት ምሳ በልቼ
በወረቀት መሐረብ ጠቅልዬ፣ ከትሪው ጋር ጣልኳት፤
የታጋሎግ አስተርጓሚዋ ሮወና እጅጌዋን ሰብስባ
ቆሻሻው ውስጥ እስከ ክርኗ ገብታ ፈለገችልኝ።
ዐቃቤ ሕጉ በአጠገባችን ሲያልፍ
ሁለታችንም፣ በእጃችን ድንች ይዘን፣ በአክብሮት ሰላም አልነው።
ተገኘች። ሰናፍጭ ነክቷታል እንጂ ደህና ነች።

ጥር ላይ፣ ምስክሩን ጠየቁት፦ «ስንት ሰዓት ነበር?»
«ከሌሊቱ ስድስት።»
ስድስት ስድስት አይደለም እዚህ፤ እኩለ ሌሊት ነው፤
የልጁ ዕጣ በዚህች ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል፣
የኔ አፍ ደግሞ «ሽድሽት» ሊል አሰፍስፏል።
«ክቡር ዳኛ፣ አንድ ደቂቃ» ብዬ ፊቴን ዞር አደረግኩ፤
ማቃኛዋን ሰማያዊ ቤቷ ከተትኩ፤
ቃሉን አጥርቼ ተናገርኩ፣
ችሎቱ እስኪነሳ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ፣ በራቁት አፌ ዋልኩ።

ማታ ስመልሳት አልገባም አለች።
ጥርሶቼ ለግማሽ ቀን ቢለቀቁ
ወደ ድሮ ሰፈራቸው ጉዞ ጀምረዋል፤
ማንም ሳያያቸው፣ በፀጉር ስፋት።
ጥርሴን ነክሼ ገፋኋት (ሌላ ምን ይነከሳል?)
ዕንባዬ እስኪመጣ።
ቀጭ።

ሃያ ስድስተኛዋ ሐምሌ ላይ አለቀች፤
«ከእንግዲህ ማታ ማታ፣ ዕድሜ ልክ» አለችኝ።
ዕድሜ ልክ! ይህን ቃል ፍርድ ቤት ነው የማውቀው።
መስታወት ሰጠችኝ። የታቹ ወረፋውን ጠብቋል፤
ከላይ፣ በሁለቱ መሐል፣ በሬ ገርበብ ብሏል።

«ያ... ፊንቺት ደህና ነው?» አለች ድንገት፣
ከየት እንደሰማችው እንጃ።
አላረምኳትም።
«ጭ»ን ለመልመድ
ሃያ ስድስት ማቃኛ አይበቃም።