ዐሥር ቁጥር

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አጥናፉ ፀጉር ቤት፣
መቀሱ ሥራ ፈቶ ወሬው ሲሠራበት፣
የማይዳኝ ሙግት አለ፣ ስንት ክረምት ያለፈው፦
ከኮሌጁ ቡድን ዐሥር ቁጥር ለብሶ
በአንድ የውድድር ዓመት ማን ነው ማንን የበለጠው?

ሁሉም ወደ እኔ ያያል።
ኖራ በጣሳ ይዤ መስመር ያሰመርሁት፣
ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር የደበቅሁት፣
ማን ለማን አቀበለ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣
በእርሳስ የጻፍሁ እኔ፣ እጄ በበረሳ ውርጭ ደርቃ።

እንጀምር ከጌጤነህ። ሰባ አንድ።
ኳሷ የቆዳ ናት፣ በጠፍር የታሰረች፣
ዝናብ ጠጥታ ጠጥታ እንደ ጭነት የከበደች፤
በግንባሩ የገጫት ሦስት ቀን ያዞረዋል።
ጉም ሜዳውን ሲውጠው፣ ጎል ከጎል ሳይታይ፣
ሁለት ፉጨት ለቀኝ ነው፣ አንድ ረጅም ለግራ፤
ኳሷ ከነጩ ውስጥ እግርህ ሥር ትወርዳለች፣
የላካት ሰው ሳይታይ።
ዘጠኝ ጨዋታ። ዐሥራ ሰባት ጎል ከእሱ እግር።
ዐሥረኛው የለም፤ በሚያዝያ ዘመቻ ወጣ።
ከስሙ ፊት ለፊት ባዶ ሳጥን አለ፤
አልሰረዝሁትም፣ አልሞላሁትም።

ማሙሸት ሌላ ነው። ሰማንያ ስምንት።
ጮሌ፣ አፈኛ፣ ካልሲው የተንከባለለ፣
ከማቀበሉ በፊት «ይኸው ብላ!» ያለ።
ዐሥራ አራት ጨዋታ፣ ሃያ ሁለት ኳስ።
«አልተነካም!» ይላል አጥናፉ መቀሱን ወደ ላይ አንሥቶ፣
የደንበኛው ጉንጭ ላይ ሳሙናው ደርቆ።
«ስድስቱን ያገኘው ከሞላሌ ልጆች ላይ ነው፣
በረኛቸው ታሞ ሾፌሩ በቆመ ቀን!»
እውነት ነው። ሲወረወር ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይንቃጨል ነበር።
ሸዋ ሮቢትስ ግን?
በአይሱዙ ተጭነን፣ ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን፣
በየኩርባው አንድ አንድ ሹራብ አውልቀን፣
ያ ሙቀት ደገኛን እንደ ቅቤ ሲያቀልጥ፣
እሱ ብቻ ነበር አንገቱን አቅንቶ ክፍተት የሚመርጥ።

ልጆቹ ስልክ ያወጣሉ፦ «ዮናታንን እዩ!»
ሁለት ሺህ ዘጠኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ኳስ፤ ሁሉም ተቀርጿል።
ቀስ አድርገው ሲያሳዩት ቁርጭምጭሚቱ ይዋሻል፦
ወደ ቀኝ ያያል፣ ወደ ግራ ይልካል።
አንድም አልሳተም? ሳተ እንጂ!
የሳተውን ማን ይቀርጻል?

በየትኛው ቁና ልስፈር?
ጉምን በስንት ላባዛ? ሙቀትን በስንት ላካፍል?
የጠፍሯ ኳስ ከዛሬዋ ላስቲክ በምን ትስተካከል?

«ደብተሩ ይናገር!» ይላሉ።
ደብተሩ ይናገራል፤ ግን አንድ ገጽ አለ።
ሰማንያ ስምንት፣ ግንቦት፣ በረዶ የወረደ ለት፣
ቆርቆሮ ሥር ተጠግቼ፣ ጣሪያው ሲንኳኳ፣
ሜዳው ሁሉ ኖራ መስሎ መስመሬ ጠፍቶ፣
አንዲት ኳስ ከኋላ ተነሣች፤ አርባ እርምጃ በረረች፣
አጥቂው ደረት ላይ እንደ ርግብ አረፈች።
ጎል! ማን ነው የላካት? ሕዝቡ «ማሙሸት!» አለ፤
እኔም እንደ ሕዝቡ፣ እርሳሴ ተቻኮለ።
ማታ ጣሳዬን ሳጥብ ነው ትዝ ያለኝ፦
ማሙሸት በዚያች ደቂቃ ከመስመሩ ውጭ ነበር፣
ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር።
የላካት አሰግድ ነው። የግራ ተከላካይ። ሦስት ቁጥር።

አላጠፋሁትም።
ላጲስ አጥቼ አይደለም፤
ሃያ ሁለት ሲሉት አፍ ይሞላል።

አሰግድ ዛሬም እዚህ ነው። እህል በረንዳ ሚዛን ይዞ የሚውል፣
ወረፋውን ጠብቆ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣
ሙግቱን ይሰማል። ስንት ዓመት ሰማ!
አንዴ ዓይኑ ከዓይኔ ገጠመ፦
እሱ ያውቃል። እኔ እንደማውቅም ያውቃል።

ተራው ደረሰ። ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታሰረ።
«አንተስ ማንን ትላለህ?» አለው አጥናፉ።
ኳሷ ገና አየር ላይ ያለች ይመስል ኮርኒሱን አየ።
«ማሙሸት ጎበዝ ነበር» አለ።
ዝም አለና፦
«ከኋላ በኩል ግን... ትንሽ አሳጥረው።»