ሁለት ዓይን

ሐረጎን ሲወርደው፣ ከደሴ ቁር ሸሽቶ፣
ሐረግ ይዞ ነበር፣ በእርጥብ ጆንያ ከትቶ፣
ሙሴ ጂኖ።
ከጋራዡ ጓሮ፣ ከቦርከና ማዶ፣
ካሮጌው ጎማ ጥግ፣ ድንጋዩን ንዶ
ተከላት።

ይማም ያን ጊዜ ልጅ ነው፣ መፍቻ አቀባይ፣
አሥራ ሦስት ቁጥርን ካሥራ አራት የማይለይ።
«ስሟ ትሬቢያኖ» ሲል ጋራዡ ሰማና፣
«ተረብ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ «ተረቢያኖ» አላትና
ስሟ በዚያው ጸና።
ወሎ የእንግዳን ስም ሲያስገባ ጫማ ያስወልቃል።

ከሞተር ሌላ ሙሴ ያስተማረው አንድ ነው፦
በጥር፣ መቀስ ይዘህ፣ ሐረጓን ስትከረክመው፣
«ሁለት ዓይን ተው፤ ከዚያ ካለፈ ስስት፣
ከዚያ ካነሰ ዕውርነት።»

ጂኖ ሞተ። መቃብሩን ይማም እንጂ እኔ አላውቅም።
ይማም ደግሞ ሰጋጅ ነው፤ የወይን ጠጅ አይቀምስም።
«ታዲያ ለምን ትደክማለህ?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።
«ወይን ናት፣ ወይንስ አደራ? እኔ እስከዛሬ አልለየሁም።»

ፀሐይ ሲያልፍባት ፍሬዋ አዲስ የፍሬን ዘይት ትመስላለች፤
ኮምጠጥ ብላ፣ ምላስ ቆንጥጣ ትለቃለች።
ግማሿን የሰፈር ልጅ ባጥር ሾልኮ ይጨርሳታል፤
የተረፈችውን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ያሰጣታል
ዘቢብ እስክትሆን።
ከዚያ ለቄሰ ገበዙ ጥላዬ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
«ለቅዳሴያችሁ» ይላል።
«ስንት እንክፈል?» ሲሉት፣
«መጀመሪያ የሞተር ሳይክሉን ዕዳ!»
ሁለቱም ይስቃሉ። ዕዳው አሁንም አልተከፈለም።

ዘንድሮ ይማምን የዓይን ሞራ ጋረደው።
ጥር መጣ።
ባውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ጉጥ ጉጡን እየቆጠረ፣
ከግንዱ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ከረከመ።
ከዚያ ደከመውና መቀሱን ሰጠኝ፤
እጀታው ግሪስ ግሪስ ይሸታል።
«አንተ ጨርስ። ከሁለት እንዳታልፍ።»

የመጨረሻዋ ሐረግ ከግድግዳው አናት ወጥታ፣
ፊቷን ወደ ዳገቱ፣ ወደ መጣችበት መንገድ ሰጥታ ነበር።
አንድ። ሁለት። መቀሱን ከፈትሁ።
ሦስተኛውን ዓይን አየሁት፤
አበጥ ብሎ፣ ጠጉር አውጥቶ፣ ሊገለጥ የደረሰ።
ዞር ብዬ ይማምን አየሁ፤ ጆሮውን ቀስሯል።

ከሦስተኛው በላይ ቆረጥሁ።

«ስንት ተውክ?»
«ሁለት።»
«ዋሸህ» አለኝ፤ «ድምፁ ቀጠን አለ።»
ግን ድገም አላለኝም።