የብረት ቀለም

በሚጽፔ ራሞን፣ ከገደሉ አፋፍ፣
ሰንበት ሊወጣ ነው፤ ነፋሱ እንደ ወናፍ
በካፖርቴ እጅጌ ይገባል፣ ይወጣል።
የዘብ ተራዬ ሳይደርስ ሦስት ኮከብ ልቆጥር
አንጋጥጬ ቆሜአለሁ ከሽቦው አጥር።

«አንድ። ሁለት። ሦስት።»
ከኋላዬ ሳቀች ኦሽራት፣
የቴሌስኮፑ ልጅ፣ እንቅልፍ የማያውቃት።
«ጋሽ እንዳላማው፣ አንዱን ይቀንሱ፤ ያ ጁፒተር ነው፣
ብርሃን ተበድሮ የሚያድር፣ ኮከብ ያልሆነው።
ሁለተኛው ሁለት ነው፣ ተያይዞ የሚዞር፤
ሦስተኛው ቀይ ግዙፍ፣ አብጦ የሚያጣጥር።»
«ታዲያ ሰንበት ወጣ ወይስ አልወጣም?» ብላት
መልስ አልነበራት።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ትዘረዝርልኝ ጀመር፦
ቀዩ ለብ ያለ ነው፣ ቢጫው ሞቅ ያለ፣
ነጩ ከዚያ በላይ፣
ሰማያዊው ግን ራሱን ያቃጠለ፤
ጥድፊያው ነው በልጅነቱ የሚቀጨው።

«ተይው ልጄ» አልኳት፣ «ይህን ተምሬአለሁ።
አባቴ ወገራ ላይ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤
ወናፍ ስነፋለት ቀለም ያስቆጥረኝ ነበር፦
ሲቀላ ታገሥ፤
ቢጫ ሲሆን ምታ፣ ይፍጠን መዶሻህ፤
ነጣ ካለ ነደደ፣ ከሰረ ድካምህ።»
ያኔ ጎረቤት ቀን ማረሻ ይገዛን፣
ማታ ልጁን ከዓይናችን ይሸሽግ ነበር።
ይህን ግን አልነገርኳትም።

ጉልላቱ ተከፈተ፣ ሲጥጥ እያለ።
በስክሪኑ ረጨቶች አሳየችኝ፤ አንዱ
እንደ ወንዝ አዙሪት ክንድ በክንድ የተጠመዘዘ፣
አንዱ እንቁላል መሳይ፣ መውለድ ያቆመ፣ የደነዘዘ፣
አንዱ ደግሞ ከሌላ ተላትሞ መልኩ የተበተነ።
«ይሄስ?»
«ቅርጽ የለሽ ነው። ግን ይወልዳል፣ ዛሬም።»
ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ደግሞ» አለች፣ «ከዐሥር ኮከብ ሰባቱ ቀይ ድንክ ናቸው፤
በባዶ ዓይን ግን ሰው አንዳቸውንም አያይ።
ቀስ ብለው ይነዳሉ፣ ከሁሉ በኋላ ይጠፋሉ።»
«ዘበኞች ናቸዋ!» አልኳት።

ሳቋ ሲበርድ ነገረችኝ፦ ግዙፉ ኮከብ ሆዱ ውስጥ
ሲያቀልጥ፣ ሲቀጠቅጥ፣ ሲያቀልጥ ኖሮ
ብረት የሞላው ዕለት እሳቱ ይከዳዋል፤
ፈንድቶ ይዘራል።
ማረሻም ቢላም ከሞተ ኮከብ ነው።

ዝም አልኩ።
እነዚያ ጎረቤቶቻችን
መሬታቸውን በኮከብ ነበር የሚያርሱት፤
ማን ይንገራቸው።

«መብራትዎን ያጥፉ፣ ልጀምር ነው።»
አጠፋሁ። በሩን በመዳፌ ገፋሁት።
ብረቱ ቀዝቅዟል፤ ሰንበት ግን
መውጣቱን ገና አልወሰንኩም።