በእርሳስ

ቫልፓራይሶ ናት፤ ሁሉ ነገር ደረጃ።
አባት በእጁ ይዟል የትምህርት ቤት ማስረጃ፦
«ጋስፓር አይቀመጥም፤ ጀምሮ አይጨርስም፤
ልቡ በመስኮት ወጥቶ፣ ቢጠሩት አይመለስም።»

ልጁ ከመጠበቂያው ሦስቴ ወጥቶ ገባ፤
የወንበር ብሎን ፈታ፤
ከዓሣ ነጋዴዋ ውሻ ጋር ተግባባ።

አባቱ ፊደንሲዮ፣ ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ፣
መጠይቅ ተሰጠው፤ አራት ገጽ፣ ለእጁ ባዳ።

ዕቃ ይጠፋበታል? ሁልጊዜ።
ተራ መጠበቅ ያቅተዋል? ሁልጊዜ።
ሰው ሳይጨርስ ይመልሳል?
እዚህ ላይ እርሳሱ ቆመ።
ሦስት የስንብት ደብዳቤ፣ መሳቢያ ውስጥ የከረመ፣
በማስመሪያ የነደደ መዳፍ፣ «ደንቆሮ» የሚል ስም፣
ከወረቀቱ ሥር ተነሥተው ጠሩት፤
እሱን ነው እንጂ ልጁን አይደለም።

ዶክተር ኤርሚኒያ «ተቀመጥ» ሳትል ተነሣች፤
መስኮቱ ላይ፣ ከልጁ ጎን፣ ቁልቁል አየች።
«ደረጃው ስንት ነው?»
«መቶ ስልሳ አንድ። አንዱ ግን ተሰብሯል። እሱ ይቆጠራል?»
«ረግጠኸው አይደል የመጣኸው? ይቆጠራል።»

ስለ መድኃኒት ተነጋገሩ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ማክሰኞ ቀጠሮ።
የአባት እግር ከወንበሩ ሥር ይመታ ነበር፣
ከገባ ጀምሮ።

ሊወጡ ሲሉ፣ ኮፍያውን እያሸ፣
«ዶክተር፣ ይሄ ቅጽ...» አለ፤ ድምፁ ሸሸ።
«አርባ ስድስት ዓመት ለሞላው ሰውም...»

ጋስፓር ከበሩ ላይ፣ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ፣
«እሱም ይቆጠራል!» አለ።