ከድምፅ የዘገየ

ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መሽቶበት፣
ኩዎፒዮ ከተማ መብራቱ በርቶበት፣
ገባሁ ከአርቮ ሱቅ በረዶ አራግፌ፣
የክበቡን ደብዳቤ በኪሴ አጥፌ፦

«ከተኩስ ሜዳው ጎን አዲስ ቤት ተሠርቷል፣
ጨቅላ ልጅ አለበት፤ አቤቱታ መጥቷል።
ከጥር ወር ጀምሮ ማፈኛ የሌለው
ጠመንጃ ወደ መስመር ማስገባት ክልክል ነው።»

አርቮ ሰው አያዋራም፤ ቃል ይቆጥራል እንደ ሳንቲም፤
ሚስቱ እንኳ ስሟን የጠራበት ቀን ትዝ አይላትም።
ሦስት ካራቢን ደረደረ፣ የሽጉጥ ጥይት የሚቀበሉ፣
አፈሙዛቸው ጥርስ ያለው፣ «ማፈኛ ስጡን» የሚሉ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ዋጋውም ለኪስ ይበጃል።
«ተኩሱን እናፍናለን» አለኝ፣ «ግን መዝጊያው ያውጃል።»
ወረድን ምድር ቤት። ሳብኩት ምላጩን።
እውነትም ጥይቱ አልጮኸም፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው፤
ብረቱ ግን ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከሞላው ተላግቶ ሲመለስ፣
ተጣልቶ የወጣ ባል በሩን ሲያላጋው ነው።
ሰደፉ ላይ ያስደገፍኩት ጉንጬ እስካሁን ይሰማዋል።

ሁለተኛው ቄንጠኛ ነው፤ መዝጊያው ትንሽ ይታገሳል፣
ግፊቱ እስኪበርድለት ቆይቶ ነው፣ ቀስ ብሎ ይነሳል፤
ማፈኛው የዋጠው ጭስ ግን ወደ ዓይኔ ይመለሳል።
(ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች።)

ሦስተኛው አሮጌ፣ ሰደፉ ከበርች እንጨት፣
በእጅ ካልተሳበ የማያውቅ መንቀሳቀስ፣ መሮጥ፤
ቀለሁን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል፣
እኔ «በል» እስክለው፤ ያኔ ብቻ ያወጣል።

አባቴን አሰብኩት።
የእሱ ምንሽር ሲያጓራ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው
እጁን ከሞፈሩ ሳያነሳ «ይሄ የአያልነህ ነው» ይል ነበር።
ጠመንጃ በድምፁ ይታወቃል፤ እንደ በሬ፣ እንደ ቄስ።
ለሠርግ ይጮሃል፣ ለለቅሶ ይጮሃል፣
ዝም ያለ ጠመንጃ ይዤ ቢያየኝ «ታሞብህ ነው?» ይለኛል፣
ቀጥሎም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወይስ ከሌባ ገዛኸው?»

አርቮ ከባድ ጥይት አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ፤
የዚያን ቀን ረጅሙን ንግግር ያን ጊዜ ጀመረ፦
«ከድምፅ የፈጠነ ጥይት አየሩን ይሰነጥቃል፤
ያን ስንጥቅ የሚያፍን የለም። ይሄኛው ይዘገያል። ይበቃል።»

ከቃሉ የሚዘገይ ሰው እኛ ዘንድ ወሬኛ ነው፤
ከድምፁ የሚዘገይ ጥይት ግን፣ ለካ፣ ጨዋ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የእኔ ግራው ከባዳም አልፏል፤
መጋዝ ቤቱ ስድስት ዓመት በልቶት በላዩ ላይ
እንደማይጠፋ ሻይ ጀበና የሚያፏጭ ነገር ጥዶበታል።
ስለዚህ የመረጥኩት በቀኙ ነው፤ በቀረኝ።
ሦስተኛውን ወሰድኩ። «ዝም አይነቅዝም» አልኩት፤
ፊንላንድኛ ስተረጉምለት «ዝምታን ነቀዝ አይበላውም» ሆነ፤
ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ፤
የእነሱም ተረት መሰለው።

ጥር። ብርዱ ሃያ ሁለት ከዜሮ በታች።
አምስት ሆነን ተኛን ከመስመሩ፣ ከበረዶው ምንጣፍ፤
የእኔ ተኩስ ተሰማኝ ሩቅ ቆሞ ሰው ሲተፋ፣
ከዚያ ወረቀቱን የነካበት፣ «ጥ»፣
ከዚያ ቃታውን ስስብ የቀለሁ መንሸራተት፤
ሦስቱን ድምፆች ለይቼ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ጋሪ የምትገፋ ሴት መጣች፤
አላየችንም፤ አልሰማችንም፤ ልጇን ልታስተኛ ነው።
መሣሪያ አወረድን። ትንፋሽ ያዝን።
ልጁም ከጋሪው ውስጥ አፉን ከፈተና
ሐይቁ ማዶ እስኪሰማ፣ ቁራዎቹ ከጥዱ እስኪነሡ
አጓራ፤
የአያልነህ ምንሽር ነው ያልኩት።

አምስታችንም ጠመንጃችንን አየን፣ ተያየን።
አርቮ ከአጠገቤ ጓንቱን እየጎተተ
«ጤነኛ ነው» አለ።