የሐይቁ ግማሽ

ሥራዬ ማካፈል፣ ሹመቴ ከዳኛ፤
የሁለት ሰው ኑሮ ስመድብ ለሁለት፣
ድስት ስቆጥር፣ አልጋ ስጽፍ በወረቀት፣
አልጠይቅም ከቶ ማን ነው ጥፋተኛ።

የፊንላንድ ሕግም በደል አይመዝንም፤
«ዋሸኝ»ን፣ «ተወችኝ»ን መዝገብ አይቀበልም።
«ስድስት ወር አስቡ» ብሎ ያሰናብታል፤
ሐይቁ ይረጋና ደግሞ ይቀልጣል።

ሔልካና ታይስቶ ሲፈርሙ ኅዳር ነበር፤
የሳይማ ሐይቅ፣ እንደ ፈላ ወተት፣ ከዳር እስከ ዳር
ስስ ቆዳ ማውጣት ሲጀምር።

በታኅሣሥ፣ ደብተሬን ይዤ፣ ቤታቸው ገባሁ።
ማቀዝቀዣ አንድ፣ ድመት የቧጨረው ሶፋ፣ እያልሁ ጻፍሁ።
የቤቱ ብድር፦ በሁለቱም ስም፤ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።
(ዕዳ ፍቺ አያውቅም። ሰማንያ ቢቀደድ ባንክ ምን አለበት?)
እነሱ ቢለያዩም፣ ሁለቱ ፊርማ ግን ጎን ለጎን ይተኛል፤
ያላመነኝ ሰው የአበዳሪውን መዝገብ ገልጦ ማየት ይችላል።

«መኪናው የኔ ነው፣ በገንዘቤ ገዛሁ» አለ ታይስቶ።
«ያን ዓመት ማን ነበር ያበላህ? ፋብሪካው ተዘግቶ!»
አለች ሔልካ፣ ሳታየው፣ ማንኪያ ከሹካ እየለየች።
እኔም መዘገብሁ፦ መኪና፣ አንድ። አሮጌ።
ጠቡ ግን፣ አዲስ።

ጀልባዋ የሷ ናት፤ ኑዛዜው ግልጽ ነው፤
«አማቼ አይካፈል» ብለው አባቷ ጽፈዋል፤ ማኅተምም አለው።
ታዲያ ዐሥራ አንድ ፀደይ፣ በረዶው ሲሄድ፣ ሬንጅ የቀባት፣
ስንጥቋን የደፈነ፣ እስከ ሰኔ ጥፍሩ ሥር ጥቁሯን የያዘላት
ማን ነው? ሕጉ አይጠይቅም።
ለሬንጅ ሽታ የሚሆን ዐምድ በደብተሬ የለም።

የኔንም ሌላ ሰው አካፍሎታል፣ ድሮ።
ሦስት ሹካ ደረሰኝ፤ አንዱ ጥርሱ ተሰብሮ።

ልጁን ግን አልነካም፤ ልጅ ቅርጫ አይደለም፣
በመደብ ተከፍሎ ዕጣ አይጣልበትም።
የማዘጋጃ ቤቷ ሲርካ፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣
ቀለቡን አስልታ፣ በዓሉን መድባ፣ ከበጋ እስከ በጋ፣
አስፈርማቸዋለች፦ ሳምንት ከእናት፣ ሳምንት ከአባት፤
እሑድ ማታ ርክክብ፣ ከነቦርሳው፣ ከነጫማው፣ ከነሹራቡ ጭነት።

ኦይቫ ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር፣
«ሐይቁንስ ጽፈሽዋል?» አለኝ።
«ሐይቅ አይጻፍም» አልሁት።
«እንግዲያው ግማሹን ለእኔ ጻፊው። ዓሣ ያለበትን።»
ቀጥሎም በምላሱ የፊት ጥርሱን እየነቀነቀ፣
«ይቺ ብትወልቅስ የየትኛው ቤት ናት?» ብሎ ጠየቀ።

እኛ ዘንድ የወለቀ ጥርስ በብርጭቆ ውኃ ያድራል፤
ሲነጋ፣ ሕፃኑ ሳያይ፣ ሳንቲም ሆኖ ይገኛል።
ብርጭቆዎቹን ሦስት ሦስት አድርጌ መድቤያቸው ነበር።
ዝም አልሁ።

ግንቦት። በረዶው ሌሊት እየጮኸ ተሰነጠቀ፤
ሁለተኛው ማመልከቻ ገባ፤ ትዳሩም በአንድ ገጽ አለቀ።
መኪናው ለታይስቶ። ጀልባዋ ለሔልካ።
ዘንድሮ ሬንጅ የቀባት የለም፤
ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ከዳር ተደፍታለች።

ከዚያ አንድ እሑድ ማታ ስልኬ ጠራ።
ታይስቶ ነው። «ጥርሱ ወለቀ» አለኝ።
«የት?»
«መንገድ ላይ፣ መኪናው ውስጥ፤ ወደ እናቱ ስወስደው።
ከሁለቱም ቤት እኩል ርቀን ያለን መሰለኝ።
ምን ይላል ሕጉ?»
ይሳቅ ወይም ያልቅስ፣ ድምፁን መለየት አቃተኝ።

ደብተሬን ስገልጥ፣ በስልኩ ውስጥ፣
የነዳጅ ማደያ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ፤
የወረቀት ኩባያ ሲለምን፣ ውኃ ሲቀዳ፣
ደግሞም የልጁን ድምፅ፦
«አባዬ፣ እንዳይፈስ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»