ሰባተኛ «ለ»

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ አርባ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ስፌት መኪናዬን መስኮት ስር ተክዬ፣ ከብርሃኑ ሳልርቅ፣
የሰው ቀሚስ አጠባለሁ፣ አሳጥራለሁ፣
ፎቶውን አንስቼ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፣
«ዋጋው በውስጥ መስመር» እላለሁ።
ስልኬ ሱቄ ነው። ኪራይ የለውም፣ በር የለውም።
(ቁልፍ እንደሌለውም ያኔ አላወቅሁም።)

የካቲት ላይ ጽናት የመንፈቁን ካርድ ይዛ መጣች፣
ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች።
እልል ማለት አማረኝ፤
ግን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ግድግዳው ስስ፣ ጎረቤቱ አያውቀኝ።
ስለዚህ እልልታዬን ለጠፍኩት፤
ልጄን ከነዩኒፎርሟ፣ ከነሙሉ ስሟ፣ አደባባይ አቆምኳት።
ካርዱ ላይ ክፍሏ አለ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አለ፣ ሁሉም ግልጥልጥ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ወደደው። እኔም እንደ ደሞዝ ብር
ጣቴን እየላስኩ፣ ደግሜ ስቆጥር።

ማክሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት። የማላውቀው ቁጥር።
«የጽናት እናት ነሽ? የሰባተኛ ለ?» አለኝ ሲጀምር።
ድምፁ የመምህር፣ ረጋ ያለ፣ ትሁት፤
«ከደረጃ ወድቃ ነው፣ ክሊኒክ አስገብተናት፣
ሁለት ሺህ ብር ላኪልን፣ ራጅ እንድትነሳ።»
ስሟን ያውቃል፣ ክፍሏን ያውቃል፤ ማን ይጠረጥራል?
ጣቴ የሚስጥር ቁጥሬን ግማሽ ነክቶ ነበር።

ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣
ስልኩን ከመርፌው ጋራ ጥዬ፣ በነጠላ ጫማ፣ በደረጃ፣
አራት ፎቅ ወርጄ፣ አቧራውን አቋርጬ፣
ባጃጅ እምቢ ቢለኝ በእግሬ ሮጬ
ከበሩ ደረስኩ። ዘበኛው ጋሽ ጉተማ «ምነው፣ በሰላም?» አሉኝ፤
በአጥሩ ቀዳዳ አሳዩኝ።
ጽናት ገመድ ትዘላለች።
ሰባ ሁለት። ሰባ ሦስት።
ጉልበቷ ላይ ጭረት እንኳ የለም።
ሰባ አራት።

ሌባው መዝጊያ አልሰበረም። ቁልፉን እኔ ነኝ የሰጠሁት።

ማታ «ሁሉንም አጠፋዋለሁ!» ስል ጽናት ሳቀች።
«እማ፣ ቀሚሱን ማን ይገዛሻል?
ውኃ መምጣቱንስ በምን እንሰማለን?»
ከዚያ ዝም አለች።
የክሩን ጥቅልል እያሽከረከረች፣ ሳታየኝ፣
«ስትለጥፊኝ ግን አልጠየቅሽኝም» አለችኝ።

ይህ ከደዋዩ ይልቅ አስደነገጠኝ።
ስንቱን ሰው በሜትር ለክቻለሁ፤
«ላጥብበው? ላስፋው?» ሳልል መቀስ አንስቼ አላውቅም።
የገዛ ልጄን ግን ሳልለካት ቆረጥኩ።

ጎን ለጎን ተቀመጥን።
«አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰው አለሽ፤ ስንቱን ታውቂያለሽ?»
ክር ነጋዴው ይቆይ፣ የሐዋሳዋ አክስቴ ትቆይ፣
ይሄ ፈረስ ፎቶ ያደረገውስ? እኔ እንጃ። ይውጣ።
ሱቁ ለብቻው ሆነ፣ ቤቱ ለብቻው፤
ለሱቁ በር ወለል፣ ለቤቱ መጋረጃ።
«የይለፍ ቃልም ቀይሪ። የልደት ቀኔን እንዳታደርጊው፣
እሱንም ለጥፈሽዋል።»

እኔም በተራዬ «አንቺንስ ቲክቶክ ላይ ማን ያናግርሻል?» አልኩ።
የክሩ ጥቅልል ቆመ።
«አልቆጣም።» (ልቆጣ ነበር። እንደ መርፌ ዋጥኩት።)
«ስልክሽን አልነጥቅሽም። የሚያስፈራሽ ነገር ቢመጣ
ሌሊት ስምንት ሰዓት ቢሆን እንኳ ቀስቅሺኝ፤
መጀመሪያ እሰማሻለሁ፣ ቁጣው ይደርሳል።»
ስለ አንድ ልጅ ነገረችኝ። ፎቶ ላኪ ስላላት። እንዳልላከችለት።
አብረን አገድነው።
ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ነገሩ የእሷ ነው።
ጠይቄያት «ይሄን ያህል ብቻ» ብላለች።

በነጋታው መስኮቱ ጋ ፀጉሯን ስታበጥር፣
ከኋላዋ ባሕር ዛፉ፣ ያላለቀው ብሎክ፣ ክሬኑ ሲዞር፣
አነሳኋት። «ልለጥፈው?»
አየችው። አጉልታ አየችው።
«አይ፣ ይሄ የኛ ይሁን።»
አለ፣ ስልኬ ውስጥ። አንድ ሰው ወዶታል።

ስልኩ ጮኸ። ሁለታችንም ክው አልን።
የብሎኩ ኮሚቴ ነው፦ «ውኃ መጣ።»
ተነሽ! ቢጫውን ጀሪካን አንቺ፣ ትልቁን እኔ፤
ክዳኑን የት ነው ያደረግሽው?